ዝናቡ ሲያባራ ልጆቻችሁን ወደ ጫካ ውሰዷቸው

ከተማ ውስጥ ያደገ የስድስት ዓመት ልጅ አንበሳን፣ ቀጭኔንና የበረዶ ድብን በስማቸው ለይቶ ይጠራል። ሁሉንም የሚያውቃቸው ከቴሌቪዥን ነው። ከቤቱ አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ላይ የሚኖረውን ጉሬዛ ብታሳዩት ግን «ጦጣ!» ይላችኋል። አደይ አበባን የሚያውቀው ለእንቁጣጣሽ ታስራ ስትሸጥ ነው፤ በሜዳ ላይ ቆማ ንብና ቢራቢሮ ሲጎበኟት አላየም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ያሳየው ሰው የለም።

ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ልብስና ምግብ ለማሟላት ስንሯሯጥ ሳምንቱ ያልቃል። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ፣ ወላጆችም የቀረ ሥራ ላይ ይጠመዳሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ ሳይተያዩ ውሎ ማደር እንዲህ ይጀመራል። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትልቁም ትንሹም የሚሳተፍበት አንድ ሐሳብ እናቀርብላችኋለን፤ ክረምቱ ሲወጣ በቤተሰብ ወደ ጫካ ሄዶ ቢራቢሮዎችን፣ ወፎችንና የዱር እንስሳትን በእርጋታ መመልከት።

ለምን በዚህ ወቅት?

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። በዕለት ንግግራችን ግን ብዙዎቻችን ጸደይ የምንለው ይህንኑ የአበባ ወቅት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሰማዩ ይጠራል፤ መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል።

ቢራቢሮዎች በዚህ ጊዜ የሚበዙት በአጋጣሚ አይደለም። ቢራቢሮ ከእንቁላል ስትፈለፈል ቅጠል የምትበላ ትል ናት። ክረምቱ ለጋ ቅጠል በገፍ ያቀርባል፤ ትሉም እየበላ ያድጋል። ከዚያ ራሱን በሽፋን ውስጥ ይዘጋና አካሉ እንደገና ይዋቀራል። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ የሚፈልገው ቅጠል ሳይሆን የአበባ ማር ነው፤ አበባውም በዚያው ሰሞን ፈክቶ ይጠብቀዋል።

የት እንሂድ?

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ እንዲተከል አድርገዋል። በዚህም ምክንያት ደኑ በአፍሪካ ረጅም የጥበቃ ታሪክ ካላቸው ደኖች መካከል ይቆጠራል። በታችኛው ክፍል ታላላቅ ጥድና ዝግባ ይታያሉ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ኮሶ ይገኛል።

ወደዚያ መሄድ ለማይችል እንጦጦና የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ናቸው። የሐዋሳ ነዋሪዎች ጉሬዛ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ አሞራ ገደል በሐይቁ ዳር በዛፎች ላይ ያገኙታል። በሌሎች ከተሞች የምትኖሩ ወንዝ ዳር ያለ ቁጥቋጦ ወይም ዛፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይበቃችኋል። ዋናው ነገር የቦታው ስም ሳይሆን የምታደርጉት ዝግታ ነው።

ቢራቢሮ ፀሐይ ትጠብቃለች

ወፎችን ለማየት ማልዶ መነሣት ይጠቅማል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጫካው በድምፅ ይሞላል። ቢራቢሮ ግን ቸኩላ አትነሣም። የሰውነቷ ሙቀት ከአካባቢው አየር ጋር የሚለዋወጥ ስለሆነ የመብረሪያ ጡንቻዎቿ ሳይሞቁ መነሣት አትችልም። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ የነካው ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ክንፏን ዘርግታ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። ልጆች በደንብ ቀርበው ሊያዩዋት የሚችሉት በዚህ ሰዓት ነው። ከወደ ኋላዋ በዝግታ ይቅረቡ፤ ጥላቸው እንዳያርፍባት ይጠንቀቁ።

በጉዞው ላይ ልጆች ራሳቸው ፈልገው ሊያገኟቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮች እነሆ፦

ቢራቢሮ አበባ ላይ ስታርፍ ምላሷን ይመልከቱ። እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ማር ስትፈልግ ይዘረጋል። ከሽፋኗ ስትወጣ ይህ ምላስ ሁለት የተለያየ ክር ነው፤ ሁለቱን አጋጥማ አንድ ቱቦ የምታደርገው ራሷ ናት። ጣዕም የምትለየው ደግሞ በእግሯ ጭምር ነው። እናት ቢራቢሮ እንቁላል ከመጣልዋ በፊት ቅጠሉን በእግሯ ቀምሳ ለልጆቿ ምግብ መሆኑን ታረጋግጣለች።

ጅረት አጠገብ እርጥብ ጭቃ ላይ በርከት ያሉ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው ልታዩ ትችላላችሁ። ውኃ የጠማቸው ይመስላል፤ ዋናው የሚፈልጉት ግን ጨው ነው። የአበባ ማር ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ተሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ሲሆኑ የሰበሰቡትን ጨው በተራክቦ ጊዜ ለሴቷ ያስተላልፋሉ።

አደይ አበባንም ጠጋ ብለው ይዩአት፤ ማጉያ መነጽር ካለ የበለጠ ያምራል። አንድ አበባ ትመስላለች እንጂ መካከሏ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ አበባ ናቸው። ቢራቢሮዋ ምላሷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረች የምትቆየው ለዚህ ነው።

«ቢራቢሮና የእሳት እራት በምን ይለያሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። አንቴናቸውን ይመልከት። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ይደፈድፋል፤ የእሳት እራት አንቴና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወይ ቀጭን ክር ወይ እንደ ላባ የተበተነ ነው። የእሳት እራት በአብዛኛው በሌሊት ትበራለች፤ ስሟንም ያገኘችው ወደ መብራት ሄዳ በመቃጠሏ ነው።

ከሩቅ የመጣችው እንግዳ

ክንፏ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ያለባት ፈጣን ቢራቢሮ ካያችሁ ልጆቻችሁን ሰብስቡና ይህን ንገሯቸው። በሳይንሱ ቫኔሳ ካርዱዊ የምትባለው ይህች ቢራቢሮ ከአንድ ግራም በታች ትመዝናለች። ትሏ የሚያድገው በብዛት የኮሸሽላ ዘመድ በሆኑ እሾኻማ ተክሎች ላይ ነው።

አውሮፓውያን ይህች ቢራቢሮ በፀደያቸው መጥታ በመከር የት እንደምትጠፋ ለረጅም ጊዜ አላወቁም ነበር። ብርዱ የሚገድላት የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር በራዳር የተደረገ ክትትል ግን በመከር ወቅት ከሰው ዓይን በላይ በብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ነፋስ እየተከተሉ ወደ ደቡብ እንደሚመለሱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ፈልገው በብዛት አገኟቸው፤ እንቁላል ሲጥሉና ትሎቻቸውም ሲያድጉ አዩ። በሜዲትራንያን ባሕርና በሰሃራ በረሃ በኩል የሚያልፈው የደርሶ መልስ ጉዞ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አንዲት ቢራቢሮ ጉዞውን በሙሉ አለማጠናቀቋ ነው። ዕድሜዋ የሚቆጠረው በሳምንታት ስለሆነ መንገድ ላይ ትወልዳለች፤ ልጆቿም መንገዱን ይቀጥላሉ። አያት የጀመረችውን ጉዞ የልጅ ልጅ ትፈጽመዋለች፤ መንገዱን ያሳያት ግን ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ከእነዚሁ አንዳንዶቹ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው አትላንቲክ ውቅያኖስን በማቋረጥ ቢያንስ 4,200 ኪሎ ሜትር በርረው ደቡብ አሜሪካ መድረሳቸውን አረጋግጧል። በአደይ አበባችን ላይ ያረፈችው እንግዳ ተራ እንግዳ አይደለችም ማለት ነው።

መርዛማዋና አስመሳይዋ

ሞቅ ባለው የአገራችን ክፍል ሌላም ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለች። የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ አበራረሯም ዝግ ያለ ነው። እንዳትቸኩል ያደረጋት ምክንያት አለ። ትል ሳለች ነጭ ወተት የሚያፈስሱ መርዛማ ተክሎችን በልታ መርዙን በሰውነቷ ስላከማቸች ወፍ ቢቀምሳት ያስመልሰዋል። ወፉም ዳግመኛ ያንን ቀለም አይነካም።

ይህን የሚጠቀም ሌላ የቢራቢሮ ዓይነት አለ። መርዝ የሌላት የዚህኛው ሴቷ ከመርዛማዋ ጋር እስክታሳስት ድረስ ትመሳሰላለች፤ ወፎች ፈርተው ይተዉአታል። ወንዱ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ጥቁር ክንፉ ላይ ወይን ጠጅ ጠርዝ ያለው ክብ ነጭ ምልክት ይታያል። ባልና ሚስቱን ለየብቻ ያየ ሰው የአንድ ወገን ናቸው ብሎ አያምንም። ልጆች ይህን ሲሰሙ ያዩትን ሁሉ «እውነተኛዋ ናት ወይስ አስመሳይዋ?» እያሉ መመርመር ይጀምራሉ።

አሁን ቀና በሉ

በመናገሻ ጥዶች ላይ ጥቁርና ነጭ ፀጉሩን እንደ ካባ የለበሰው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። አማርኛችን ለዓለም ሳይንስ ካበረከታቸው ስሞች አንዱ የእርሱ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1835 እንስሳውን ሲመዘግብ ኮሎቡስ ጉሬዛ ብሎታል። ኮሎቡስ «የተቆረጠ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጉሬዛ እንደ ሌሎች ዝንጀሮዎች አውራ ጣት የለውምና። ዋና ምግቡ ቅጠል ሲሆን፣ ያንን ለመፍጨት እንደ ላም በክፍል በክፍል የተከፈለ ሆድ አለው። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር ካያችሁ እርሱ ነው።

በዛፎቹ ውስጥ አረንጓዴ ወፍ ሮጥ ሮጥ ሲል ታዩ ይሆናል። ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቱራኮ ነው። ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ ብቻ ይመስላል፤ ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ይህ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን በእንስሳት ዓለም በቱራኮዎች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው።

ራስ ክምር በሚባለው ብርቱካንማ አበባ ላይ ቀጭን ቆልማማ መንቆር ያላት ትንሽ ወፍ ማር ስትቀስም ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ እዩ። በደጋው ከሚገኙት ከእነዚህ ማር ቀሳሚ ወፎች አንዷ በሳይንስ ስሟ የተጠራችው በተከዜ ወንዛችን ነው። ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስልና ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያንጸባርቃል።

ድምፅ ቀንሳችሁ ከሄዳችሁ የምኒልክ ድኩላ በቁጥቋጦ መካከል ቆሞ ሊያያችሁ ይችላል። ወንዱ ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር ነው። ነብርም በዚህ ደን ይኖራል፤ ሆኖም የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነና ሰውን ስለሚሸሽ ጎብኚዎች አያዩትም ማለት ይቻላል።

«ተው፣ ይነክስሃል!»

እዚህ ላይ ወላጆች ራሳችንን እንድንጠብቅ የሚያሻን ነገር አለ። ልጅ ትል አይቶ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጎነበስ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው «ተው፣ ይነክስሃል!» ነው። እስስት ስናይ እንጮኻለን። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚማረው ስለ ትሉ ወይም ስለ እስስቱ አይደለም፤ ስለ እኛ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ሲያድግ ደግሞ ድንጋይ ማንሣት ይከተላል።

ጥንቃቄ መኖር አለበት። ፀጉራም አባጨጓሬ ቆዳ ያሳክካል፤ ያቃጥላልም፤ ስለዚህ «በዓይን እንጂ በእጅ አይነካም» የሚል ደንብ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። ነገር ግን ትል ሁሉ ተምች አይደለም። ገበሬውን የሚያስለቅሱት ጥቂት ዓይነቶች ናቸው። ሌሎቹ የወፍ ጫጩቶች ምግብ፣ የነገ ቢራቢሮዎችም ናቸው። ትል በሌለበት ሜዳ ቢራቢሮ አይኖርም፤ ወፍም ይቀንሳል።

ልጁን ከመከልከል ይልቅ አብሮ መጎንበስ ይሻላል። «ስንት እግር አለው? የሚበላው የትኛውን ቅጠል ነው? ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቃችሁት «ልጄ፣ እኔም አላውቀውም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ክብር አይቀንስም። በሥዕል ወይም በስልክ ፎቶ አስቀርታችሁ ቤት ስትገቡ መፈለግ ትችላላችሁ።

በዕድሜ ከፍ ያሉት ልጆች መጀመሪያ ላይ ሊሰለቹ ይችላሉ። አታስገድዷቸው፤ ፎቶ ማንሣቱን ወይም መንገድ መምራቱን ስጧቸው። ብዙ ወላጆች እንደሚያውቁት ጎረምሳ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲጠይቁት ዝም ይላል፤ ጎን ለጎን ሲራመድ ግን ሳይጠየቅ ያወራል። ለዚህ ብቻ እንኳ ጉዞው ዋጋ አለው።

ስብከቱን አታስቀድሙት

ትል ቢራቢሮ የሚሆንበት ነገር ስለ አዲስ ሕይወት ለማስተማር በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ትሉንም ቢራቢሮውንም በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ቃል ብቻ ሆኖ ያልፋል። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ጭንቀት ሲያስተምር በማቴዎስ 6 ላይ ያቀረበው የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን ነው፤ የጠየቃቸውም አስቀድመው እንዲመለከቱ ነበር። በዘፍጥረት 2 ደግሞ አዳም ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ለእንስሳት ስም ማውጣት ነው። ስም ለማውጣት ቆሞ ማየት ግድ ይላል።

ስለዚህ በጫካው ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ሲያይ ዝም በሉ። ትምህርቱን ከአፉ ላይ አትንጠቁት። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ካየኸው ሁሉ የትኛው ደነቀህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምስጋናው ከእርሱ ይጀምራል።

ስሙን የሚያውቁትን ነገር መጉዳት ይከብዳል። ጉሬዛን በስሙ የሚጠራ ልጅ ነገ ጥዱ ሲቆረጥ ማን ቤት አልባ እንደሚሆን ይገባዋል። ይህን ለማስተማር ያለን ጊዜ ግን አጭር ነው፤ የአበባው ወቅት በጥቂት ሳምንታት ያልፋል፤ «እማዬ፣ ነይ እይ!» የሚባልበት የልጅነት ዕድሜም ብዙ ዓመት አይቆይም።

ከመሄዳችሁ በፊት

• የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ። በደኑ ውስጥ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ሂዱ፤ ከመንገድ አትውጡ።

• የማያንሸራትት ጫማ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ። ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል።

• ውኃ፣ ቆሎና ዳቦ ያዙ። ለጉሬዛም ሆነ ለዝንጀሮ ምግብ አትስጡ፤ ከለመዱ በኋላ ሰው ያስቸግራሉ፤ በሽታም ይተላለፋል።

• ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ስጡ። ያየበትን ሰዓት፣ ቦታና ቀለም ይጻፍ፤ ገና የማይጽፈው ይሣል።

• ቢራቢሮ በእጅ አትያዙ። ክንፏን የሸፈነው ዱቄት የሚመስል ነገር ቀለም የሚሰጣት ቅርፊት ነው፤ ከረገፈ በኋላ አይተካም።

• ሙዚቃ አጥፉ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከቤት መውጣት ላልቻላችሁ

ሎሚ ወይም ብርቱካን በግቢያችሁ ካለ ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል ካገኛችሁ አትግደሉት፤ ጠላቶቹን ለማታለል ነው እንዲያ የመሰለው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነካካም ከራሱ ላይ መጥፎ ሽታ ያለው ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣል። ልጆች በየቀኑ እየተመለከቱ ይመዝግቡ። ሽፋን ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ አየሩ ሙቀት ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቁት። አንድ ቀን ጠዋት ሽፋኑ ተሰንጥቆ ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ክንፍ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ትወጣለች። ክንፏ እስኪደርቅ ድረስ አትበርም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተጠርቶ ለማየት ይደርሳል።